ሁለት የአይ ፒ አድራሻዎች በአንድ ንዑስ መረብ ውስጥ መሆናቸው እንዴት ይታወቃል?

ለንግድ ቤት ጸሐፊዎችና ለሒሳብ ሠራተኞች የቀረበ ማብራሪያ

በአሁኑ ጊዜ በአንድ መካከለኛ የንግድ ቤት ውስጥ በመረብ ተያይዞ የሚሠራው መሣሪያ ቢቈጠር ብዛቱ ባለቤቱን ራሱን ሳያስደንቀው አይቀርም። የሽያጭ መመዝገቢያው፥ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር፥ ፕሪንተሩ፥ የመጋዘኑ ካሜራና የሠራተኞቹ ስልኮች ሁሉ እያንዳንዳቸው የአይ ፒ አድራሻ የሚባል ቍጥር ይዘው ይሠራሉ። ይህም በመርካቶ ትልልቅ መደብሮች ብቻ ሳይሆን ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ በመሪ አካባቢ በሚገኙት ሱቆች ጭምር የዘወትር ነገር ሆኗል።

እነዚህ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው መነጋገር ባቃታቸው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ፕሪንተሩ ተበላሽቷል» ወይም «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል» የሚል ነው። ከዚህም የተነሣ ጤነኛው ዕቃ ወደ ዕቃ ቤት ይጣላል፤ አዲስ ዕቃ በውድ ዋጋ ይገዛል፤ አዲሱም ተተክሎ ያው የቀድሞው ችግር ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ የችግሩ ምክንያት ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ንዑስ መረብ ውስጥ አለመሆናቸው ነው። ንዑስ መረብ የምንለው ባለሙያዎች ሰብኔት የሚሉትን፥ ማለትም ያለ አገናኝ በቀጥታ የሚነጋገሩትን የመሣሪያዎች ጉርብትና ነው። ይህንንም ለማረጋገጥ የምሕንድስና ትምህርት አያስፈልግም፤ መደመርና መቀነስ የሚያውቅ ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊደርስበት ይችላል።

አድራሻው ብቻውን አይናገርም

የአይ ፒ አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ክፍሎች ያሉት ቍጥር ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ለምሳሌ 192.168.1.20 አንድ አድራሻ ነው። በዚህ ቍጥር ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጣምረው ይገኛሉ፤ የፊተኛው ወገን ሰፈሩን ሲያመለክት የኋለኛው ወገን በሰፈሩ ውስጥ ያለውን ቤት ያመለክታል። ሰፈሩ የት ላይ አልቆ ቤቱ የት ላይ እንደሚጀምር ግን አድራሻው ራሱ አይገልጽም። ይህን የሚገልጸው ከአድራሻው ጋር አብሮ የሚጻፈው ማስክ የተባለው ሁለተኛ ቍጥር ነው።

ነገሩን ከአካባቢያችን በምሳሌ ብናየው ይቀላል። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የተባለው 11ኛው የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ ሲቋቋም አንድም ቤት ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሆኖም ቀድሞ በአንድ ክፍለ ከተማ ይተዳደሩ የነበሩ ጎረቤቶች በሁለት ክፍለ ከተማ ሥር ሆኑ፤ ቀድሞ በየካና በቦሌ ተለያይተው የነበሩትም በአንድ ሥር ተሰበሰቡ። የተለወጠው ቤቱ ሳይሆን ወሰኑ ነው። ማስክም እንደዚሁ ነው፤ አድራሻዎቹ ሳይለወጡ ማስኩ ብቻ ቢለወጥ የአንድ ሰፈር ሰዎች የነበሩት ይለያያሉ፥ ተለያይተው የነበሩትም ይገናኛሉ። እንግዲህ «እነዚህ ሁለት አድራሻዎች በአንድ ንዑስ መረብ ውስጥ ናቸውን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማስኩን ካልጨመረ ጥያቄው ጎደሎ ነው።

ቀድሞ ግን እንደዚህ አልነበረም። የዛሬው የአድራሻ ሥርዓት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1981 ሲደነገግ አድራሻዎች በመደብ ተከፍለው ነበር። የመጀመሪያው ቍጥር ከ128 በታች ከሆነ ሰፈሩን የሚያመለክተው አንደኛው ክፍል ብቻ ነበር፤ ከ128 እስከ 191 ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች፥ ከ192 እስከ 223 ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ሰፈሩን ያመለክቱ ነበር። ስለዚህ በዚያን ጊዜ አድራሻውን አይቶ ብቻ መፍረድ ይቻል ነበር። በ1985 አንድን መረብ በውስጡ በማስክ መከፋፈል ተፈቀደ፤ በ1993 ደግሞ በመደብ መክፈሉ ቀርቶ ማንኛውም አድራሻ ማናቸውንም ማስክ ሊይዝ እንዲችል ተደረገ። በ1989 ዓ.ም. የኢንተርኔት አገልግሎት በአገራችን ሲጀመር ይህ አዲስ አሠራር ከታወጀ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ይሁን እንጂ «በ192 የሚጀምር አድራሻ ሦስቱ የፊት ቍጥሮች ከተመሳሰሉ አንድ መረብ ነው» የሚለው አሮጌ ልማድ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙዎች አፍ ይገኛል። ልማዱ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ስለሚገኝ ነው ሰውን የሚያሳስተው።

ማስኩ እንዴት ይነበባል

በመረብ መሣሪያዎች ላይ አብዝቶ የሚገኘው ማስክ 255.255.255.0 ነው። ማስኩ 255 ባለበት ቦታ ያለው የአድራሻ ክፍል በሙሉ የሰፈሩ ነው፤ 0 ባለበት ቦታ ያለው በሙሉ የቤቱ ነው። በዚህ ማስክ 192.168.1.20 እና 192.168.1.140 የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ሦስቱ የፊት ክፍሎች አንድ ናቸውና። በዚሁ ማስክ 192.168.0.20 እና 192.168.1.20 ግን በሦስተኛው ክፍል ስለሚለያዩ ሁለት ሰፈር ናቸው።

ችግር የሚመጣው ከ255 እና ከ0 ሌላ የሆነ ቍጥር በማስኩ ውስጥ ሲገኝ ነው። ይህም ቍጥር ከሚከተሉት አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ 128፥ 192፥ 224፥ 240፥ 248፥ 252፥ 254። ለምን እነዚህ ብቻ ሆኑ ቢሉ፥ መሣሪያው ቍጥርን የሚመዝነው እንደ ነጋዴ በድንጋይ ስለሆነ ነው። ለእያንዳንዱ የአድራሻ ክፍል ስምንት የሚዛን ድንጋዮች አሉት፤ እነርሱም 128፥ 64፥ 32፥ 16፥ 8፥ 4፥ 2 እና 1 ናቸው። እያንዳንዱን ድንጋይ ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይጠቀም ከ0 እስከ 255 ያለውን ቍጥር ሁሉ መመዘን ይችላል። 140 ማለት 128፥ 8 እና 4 ነው፤ 20 ማለት 16 እና 4 ነው።

ይህ አሠራር ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። በእጥፍና በግማሽ የሚደረገው የማባዛት ዘዴ በውጭ አገር የሒሳብ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ ሲጠራ እናገኘዋለን። አንዱ በ7 ብር የሚሸጥ 13 ዕቃ ስንት ብር ያወጣል ቢባል፥ 13ን እያጋመሱ ትርፉን በመጣል 13፥ 6፥ 3፥ 1 ይላሉ፤ በአንጻሩ 7ን እያጠፉ 7፥ 14፥ 28፥ 56 ይላሉ። ከዚያም ሙሉ ቍጥር በሆነው በ6 አንጻር ያለውን 14 ጥለው የቀሩትን 7፥ 28 እና 56 ቢደምሩ 91 ብር ይመጣል። በዚህ ዘዴ 13 የተመዘነው በ8፥ በ4 እና በ1 ድንጋዮች ነው። ኮምፒዩተሩም ከዚህ የተለየ ሒሳብ አያውቅም።

ማስኩም ከትልቁ ድንጋይ ጀምሮ ሳይዘል ምን ያህሉ የሰፈሩ እንደሆኑ ይናገራል። 128 ማለት አንዱ ድንጋይ ብቻ፥ 192 ማለት 128 እና 64፥ 224 ማለት 128፥ 64 እና 32 የሰፈሩ ናቸው ማለት ነው። ባለሙያዎች ይህንኑ አሳጥረው ከአድራሻው ቀጥሎ በተጋደመ መስመር ይጽፉታል፤ 255.255.255.0 በ/24፥ 255.255.255.128 በ/25፥ 255.255.255.224 በ/27 ይጻፋል። ቍጥሩ ከአራቱ ክፍሎች 32 ድንጋዮች ውስጥ ስንቱ የሰፈሩ እንደሆኑ የሚያሳይ ነው።

የስሌቱ አካሄድ

ሁለት አድራሻዎችን ለማነጻጸር የሚከተሉትን አራት ነገሮች በተራ ማድረግ ይበቃል።

1ኛ፤ በማስኩ 255 ያለባቸውን ክፍሎች በሁለቱ አድራሻዎች ማነጻጸር። አንዱም ቢለያይ ሁለቱ በአንድ ንዑስ መረብ ውስጥ አይደሉም፤ ስሌቱም እዚያው ያበቃል።

2ኛ፤ ከ255 እና ከ0 ሌላ የሆነ ቍጥር በማስኩ ቢገኝ ያንን ቍጥር ከ256 መቀነስ። የሚቀረው የአንዱ ሰፈር ስፋት ነው። ለ224 ስፋቱ 32፥ ለ192 ስፋቱ 64፥ ለ128 ስፋቱ 128 ይሆናል።

3ኛ፤ ከ0 ጀምሮ በዚያ ስፋት ልክ እየዘለሉ ወሰኖቹን መጻፍ። ስፋቱ 32 ከሆነ ሰፈሮቹ ከ0 እስከ 31፥ ከ32 እስከ 63፥ ከ64 እስከ 95፥ ከ96 እስከ 127፥ ከ128 እስከ 159፥ ከ160 እስከ 191፥ ከ192 እስከ 223 እና ከ224 እስከ 255 ይሆናሉ።

4ኛ፤ የሁለቱ አድራሻዎች ተመሳሳይ ክፍል በአንድ ወሰን መካከል መውደቁን መመልከት። ማስኩ 0 የሆነባቸውን ክፍሎች ማየት አያስፈልግም።

ለምሳሌ ማስኩ 255.255.255.224 ቢሆን 192.168.1.140 እና 192.168.1.150 ሁለቱም ከ128 እስከ 159 ባለው ውስጥ ስለሚወድቁ በአንድ ንዑስ መረብ ውስጥ ናቸው። 192.168.1.165 ግን ከ160 እስከ 191 ባለው ውስጥ ስለሆነ ከእነርሱ ጋር አይደለም። በድንጋዮቹ ብናረጋግጠው፥ ከ140 እና ከ150 የሰፈሩ ሆኖ የሚቀረው 128 ብቻ ነው፤ ከ165 ግን 128 እና 32፥ ማለትም 160 ይቀራል። የሰፈሩ ቍጥር ስለተለያየ ሰፈሩ ተለያይቷል።

ዐይን በሌላው አቅጣጫም ይሳሳታል። ማስኩ 255.255.252.0 ቢሆን ወሰኑ የሚያርፈው በሦስተኛው ክፍል ላይ ነው፤ 256 ሲቀነስ 252 ስፋቱ 4 ነው። ሰፈሮቹ ከ0 እስከ 3፥ ከ4 እስከ 7፥ ከ8 እስከ 11 እያሉ ይቀጥላሉ። እንግዲህ 10.5.6.200 እና 10.5.7.15 የተለያዩ ቢመስሉም አንድ ሰፈር ናቸው፤ 10.5.7.15 እና 10.5.8.15 ግን ቍጥራቸው ተከታታይ ቢሆንም ሁለት ሰፈር ናቸው።

ደግሞም በእያንዳንዱ ሰፈር የመጀመሪያው ቍጥር የሰፈሩ ስም ስለሆነ፥ የመጨረሻውም ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚነገር ጥሪ ስለሆነ ለመሣሪያ እንደማይሰጡ ማወቅ ይገባል። ስለዚህ በ/24 ማስክ ከ256 ቍጥሮች 254ቱ፥ በ/27 ማስክ ከ32ቱ 30ዎቹ ብቻ ለመሣሪያዎች ይውላሉ።

እያንዳንዱ መሣሪያ የሚፈርደው በራሱ ማስክ ነው

አንድ መሣሪያ መልእክት ከመላኩ በፊት ከላይ የተገለጸውን ስሌት ራሱ ያደርጋል። ተቀባዩ በሰፈሩ ውስጥ ሆኖ ካገኘው «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ በመስመሩ ላይ ጠይቆ በቀጥታ ይልክለታል። ከሰፈሩ ውጭ ሆኖ ካገኘው ግን መልእክቱን ጌትዌይ ለሚባለው መውጫ በር፥ ማለትም ለራውተሩ ያስረክባል። ይህ ፍርድ የሚሰጠው በላኪው ማስክ እንጂ በተቀባዩ ማስክ አይደለም። ስለዚህ ስሌቱን ሁለት ጊዜ፥ አንዱን በዚህ መሣሪያ ማስክ፥ ሌላውን በዚያኛው ማስክ ማድረግ ግዴታ ነው።

አንድ የንግድ ቤት የሒሳብ ኮምፒዩተሩ 192.168.1.20 ሆኖ ማስኩ 255.255.255.0 ነው እንበል። ፕሪንተሩ 192.168.1.140 ሆኖ በተተከለ ጊዜ ማስኩ 255.255.255.128 ተብሎ ተጽፏል። ራውተሩ 192.168.1.1 ነው። ኮምፒዩተሩ በራሱ ማስክ ቢሰላ ፕሪንተሩ ጎረቤቱ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውን በቀጥታ ይልካል። ፕሪንተሩ ግን በራሱ ማስክ ሰፈሩ ከ128 እስከ 255 ብቻ ስለሆነ 20 ለእርሱ የውጭ ሰው ነው። መልሱን በራውተሩ በኩል ልላክ ቢል ደግሞ ራውተሩ ራሱ 1 ስለሆነ ከሰፈሩ ውጭ ነው፤ በሩ ከግቢው ውጭ ተተክሏልና ሊደርስበት አይችልም። ጥያቄው ከፕሪንተሩ ደጅ ይደርሳል፥ መልሱ ግን አይመለስም። ሌላ ፕሪንተር ተገዝቶ በዚያው ማስክ ቢተከል ውጤቱ አይለወጥም። መድኀኒቱ 128 የተባለውን ቍጥር 0 ብሎ ማረም ብቻ ነው፤ ዋጋውም ምንም ነው።

ስሌቱ የማይነግረን ነገር

ቍጥሩ አንድ ሰፈር ነው ቢልም መሣሪያዎቹ በእውነት በአንድ መስመር ላይ ካልተያያዙ አይገናኙም። ይህ በሁለት ዐይነት ሁኔታ ነጋዴውን ያጋጥመዋል።

አንደኛው ከአገልግሎት ሰጪው በመጣው ራውተር ላይ የዋይ ፋይ ራውተር ሲጨመር ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው 192.168.1፥ ሁለተኛው 192.168.0 እያለ ያድላል። በገመድ የተያያዘው ፕሪንተርና በዋይ ፋይ የተያያዘው ኮምፒዩተር በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በሁለት ሰፈር ይሆናሉ። ማስኩን ወደ 255.255.254.0 ቢለውጡት ሁለቱ በቍጥር አንድ ሰፈር ይሆናሉ፤ ነገር ግን በመካከል የቆመው ራውተር አሁንም ስለሚለያቸው ችግሩ ይብሳል እንጂ አይቃለልም። የሚሻለው ሁለተኛው መሣሪያ አድራሻ ማደሉን ትቶ ገመድና ዋይ ፋይ ብቻ እንዲያገናኝ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው በቅርንጫፎች መካከል ነው። በ10፥ ከ172.16 እስከ 172.31 እና በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ ለግል መረብ የተተዉ ስለሆኑ ማንም ሳያስፈቅድ በቤቱ ይጠቀምባቸዋል። አንድ የቤት ቍጥር በየወረዳው እንደሚገኝ ሁሉ 192.168.1.10 በመሪም በመርካቶም፥ በዱባይም ይገኛል። ሁለቱ ሱቆች ለየብቻ ሲሠሩ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ነጋዴው ግን የመሪውን ሱቅ ከመርካቶው መጋዘን ጋር በኢንተርኔት በኩል ቪ ፒ ኤን በተባለው ስውር መስመር ላገናኝ ያለ ዕለት የመሪው ኮምፒዩተር የመርካቶውን መሣሪያ ጎረቤቴ ነው ብሎ በራሱ ክፍል ውስጥ ይፈልገዋል፤ ወደ መውጫው በርም አይልከውም። ስለዚህ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ለመክፈት ያሰበ ነጋዴ ከወዲሁ መሪን 192.168.10፥ መርካቶን 192.168.20፥ ሌላውንም 192.168.30 እያለ ቢለይ በኋላ ሁሉንም አፍርሶ ከመሥራት ይድናል።

ለደኅንነት ያለው ጥቅም

ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ንዑስ መረብ ውስጥ መሆናቸው ሁልጊዜ የሚፈለግ ነገር አይደለም። በአንድ ሰፈር ያሉት በራውተሩ በኩል ሳያልፉ ስለሚነጋገሩ በራውተሩ ላይ የተቀመጠው የጥበቃ ደንብ በመካከላቸው አያይም። ደንበኛ በሱቁ ዋይ ፋይ ሲገባ ስልኩ ከሒሳቡ ኮምፒዩተር ጋር በአንድ ሰፈር ከሆነ በሁለቱ መካከል ዘበኛ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ለእንግዶች የተለየ ንዑስ መረብ መስጠት ተገቢ ነው። ቍጥር መለየቱ ብቻ ግን አጥር አይሆንም፤ ቍጥሩን ማንም ሰው በስልኩ ላይ ሊለውጠው ይችላልና። መስመሩም መለየት፥ በራውተሩም ላይ ከእንግዶቹ ወገን ወደ ሒሳቡ ወገን የሚከለክል ደንብ መጻፍ አለበት። ለባለሙያ ገንዘብ ሲከፈል እነዚህ ሁለት ነገሮች መደረጋቸውን ጠይቆ ማረጋገጥ የጸሐፊው ሥራ ነው።

አዲሱ የአድራሻ ዐይነት፥ አይ ፒ 6 የተባለው፥ በ128 ድንጋዮች የሚመዘን ረጅም ቍጥር ቢሆንም መሠረቱ አንድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የፊተኞቹ 64 የሰፈሩ፥ የኋለኞቹ 64 የቤቱ ናቸው።

በንግድ ቤቱ ሊቀመጥ የሚገባው መዝገብ

ዕቃና ሒሳብ እንደሚመዘገብ ሁሉ በመረብ የተያያዘው መሣሪያም ሊመዘገብ ይገባዋል። በአንድ ደብተር ላይ አምስት ዐምድ ተሰምሮ የመሣሪያው ስም፥ የአይ ፒ አድራሻው፥ ማስኩ፥ የመውጫ በሩ አድራሻና የተተከለበት ቀን ቢጻፍ ይበቃል። እነዚህን ቍጥሮች በኮምፒዩተሩ የኔትወርክ ማስተካከያ ገጽ ላይ፥ በፕሪንተሩም ራሱ በሚያትመው የማስተካከያ ወረቀት ላይ ማግኘት ይቻላል። መሣሪያ አልሠራ ባለ ቀን ባለሙያ ከመጠራቱና ገንዘብ ከመውጣቱ አስቀድሞ ደብተሩ ይከፈት፤ ሁለቱ አድራሻዎች በሁለቱም ማስክ ይሰሉ፤ የመውጫ በሩም በዚያው ሰፈር ውስጥ መሆኑ ይታይ። ስሌቱ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ገመዱና ራውተሩ ይመርመሩ። አዲስ ዕቃ መግዛት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።